ቃሉን ከባለቤቱ፣ ዕቃውን ከጎረቤት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ እዚህ ቆሜ እንድናገር ለጋበዘኝ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ኮሚቴው ሲደውልልኝ «በተማሪነትህ ጊዜ ስላቋቋምከው ሚረር ተናገርልን፣ ለወጣቶቹ አርአያ ይሆናል» ነበር ያለኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳስበው፣ ከዚያ ሥራ ሰው የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው። የሚያምረውን ግማሽ ብቻ ተናግሬ ብቀመጥ ለማንም አርአያ አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን እነግራችኋለሁ፤ በመጨረሻም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ።

የኮምፒውተር ትምህርት ላልተማራችሁ አባሎቻችን ስል ከቃሉ ልጀምር። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ የሚባሉትን ክፍት ሶፍትዌሮች የሚያዘጋጁ ሰዎች ፋይሎቻቸውን አንድ ቦታ ብቻ አያስቀምጡም። በዓለም ዙሪያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የኢንተርኔት አቅራቢዎችና ሌሎች ድርጅቶች የዋናውን ማከማቻ ቅጂ በየራሳቸው ሰርቨር ላይ ያኖራሉ። ያ ቅጂ ነው ሚረር የሚባለው፤ መስታወት እንደ ማለት ነው። ዋናው ሲለወጥ እሱም ይለወጣል፤ ቢያንስ መለወጥ አለበት። ተጠቃሚው ባሕር ተሻግሮ ከሚሄድ ቅርቡ ካለው ይወስዳል። የእኛ ሰው ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ዓይነት ነገር ነው።

እኔ ወደዚህ ግቢ የገባሁት በ2001 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር። ያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2011 ቆመ። በትምህርት ክፍላችን የነበረችውም አንዲት ሲዲ ከዶርም ዶርም ስትዞር ተጫጭራ ተጫጭራ፣ ኮምፒውተሩ ሊያነባት እምቢ ይል ጀመር። ከዚያ ወዲያ አዲስ ቅጂ የፈለገ ሰው ላብ አድሮ ማውረድ ነበረበት። ፋይሉ 700 ሜጋባይት ገደማ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ትጀምራለህ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዘጠና ምናምን ፐርሰንት ይደርሳል፤ መብራት ብልጭ ይላል፤ በቃ። ብሮውዘሩ እንደገና ከዜሮ ይነሳል። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ራሳችሁን የምትነቀንቁ አያለሁ፤ እናንተም አብራችሁኝ አድራችኋል ማለት ነው።

እኔና የዶርም ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ሦስት ሌሊት ተፈራርቀን አንድ ፋይል አወረድን። ጠዋት ሲዲ ላይ በርን አድርገን፣ ደስታው ቁርስ አስረስቶን፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ መጫን ጀመርን። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። የጓደኛዬ የሦስተኛ ዓመት ፕሮጀክት የነበረበት ሃርድ ዲስክ ግን በዚያን ሰዓት ፎርማት ተደርጎ አልቆ ነበር።

ምን እንደ ሆነ የገባን ኋላ ነው። ፋይሉ በመጠን ሙሉ ነበር፤ መሐሉ ላይ ግን የተበላሸ ነገር ነበረበት። ከፋይሉ ጎን ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ተጽፎ አይተን ነበር፤ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም አልነገረንም። ቼክሰም ይባላል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሻ-256 የሚባለው 64 ምልክት አለው። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትለወጥ ሰንሰለቱ ሌላ ሆኖ ይወጣል። የወረደውን ፋይል ቼክሰም አስልቶ ከተጻፈው ጋር ማስተያየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኛ ሁለቱን ደቂቃ ሳናጠፋ ሦስት ሌሊትና የአንድ ሴሚስተር ሥራ አጠፋን።

በሚያዝያ 2004 ዓ.ም.፣ አራተኛ ዓመት ሳለን፣ ኡቡንቱ 12.04 ወጣ። ላባችን ውስጥ 40 ኮምፒውተሮች ነበሩ። እስቲ አብረን እናስላው። አንዱን ኮምፒውተር ለማደስ 600 ሜጋባይት ቢያስፈልግ፣ የሚደርሰን መስመርም በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢሆን፣ አንዱ ብቻውን 40 ደቂቃ ይወስዳል። አርባውም በዚያው መስመር ሲሰለፉ 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል፤ ያውም ሌላ ሰው ኢሜይሉን እንኳ ካልከፈተ። አንድ ጊዜ አውርደን ላቡ ውስጥ ብናስቀምጠው ግን፣ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፈው የውስጥ ኔትወርክ ለአንዱ ኮምፒውተር አንድ ደቂቃ አይሞላም። መስመሩን ማስፋት የእኛ ሥልጣን አልነበረም። ያንኑ ፋይል አርባ ጊዜ ከውጭ ማምጣትን መተው ግን እንችል ነበር።

የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከመጋዘን አንድ የተጣለ ዴስክቶፕ ሰጡን። አዋጥተን 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ገዛን። ሙሉውን ማከማቻ መሸከም ስለማንችል የ12.04ን ክፍል ብቻ መረጥን። አፕት-ሚረር የሚባል ፕሮግራም ጫንኩበት፤ በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ራሱ ተነሥቶ አዲስ የመጣውን ብቻ ያወርዳል። ወደ ውጭ ለመውጣት በግቢው ፕሮክሲ ማለፍ ግድ ስለነበር የራሴን የተማሪ መለያና የይለፍ ቃል ጻፍኩበት። ችግር ሲፈጠር ኢሜይል እንዲልክ አደረግሁ። ለማን? ለእኔ፤ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይሌ።

ከዚያ የላቡን ኮምፒውተሮችና የትምህርት ክፍሉን ሰርቨር በሙሉ ወደ እኛ ሚረር አዞርናቸው። በኡቡንቱ የተለመደ አሠራር የደኅንነት ማሻሻያዎች በቀጥታ ከዋናው ሰርቨር ነው የሚመጡት። እኔ ግን «እሱስ ለምን ይንቀራፈፋል?» ብዬ ያንንም መስመር ወደ እኛ አዞርኩት። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሥራው ተወደደ። ሌሊት ላብ ማደር ቀረ። የታች ክፍል ተማሪዎች ፍላሽ ይዘው እየመጡ ይቀዱ ነበር። ስንመረቅ፣ በሐምሌ 2005፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ እስከ ዛሬም አለ። ሰው የሚያውቀው ግማሽ ይኸውላችሁ።

ሁለተኛው ግማሽ የሚጀምረው በነሐሴ 2006 በደረሰኝ ስልክ ነው። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ላብ ውስጥ ያለውን ሚረር የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ኧረ አንተ በለኝ፣ ብዙ አንበላለጥም። ስልኬን ከየት አገኘኸው?»

«ሴቲንጉ ውስጥ ስምህን አየሁት። ‹ለወንድሞቼና ለእህቶቼ› ብለህ ጽፈህበታል። ጋሼ ናቸው ስልክህን የሰጡኝ።» ትንሽ ዝም አለ። «ቅር አይበልህና... መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው?»

ከተመረቅሁ ጀምሮ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በፊት፣ መጋቢት 29 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ኸርትብሊድ የሚባለው ጉድለት ለዓለም ይፋ ሆኖ ነበር። ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው፣ በኢንተርኔት ላይ የሚተላለፍ መረጃን በምስጢር የሚያስሩት ሰርቨሮች እጅግ ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር፣ ሩቅ የተቀመጠ ሰው የሰርቨሩን ሚሞሪ በ64 ኪሎባይት ቁርጥራጭ እንዲያነብ ያስችል ነበር። በዚያ ቁርጥራጭ ውስጥ የይለፍ ቃልም፣ የምስጢር ቁልፍም ሊገኝ ይችላል። ኡቡንቱ 12.04ም ጉድለቱ ነበረበት፤ ማሻሻያው ግን ወዲያው ወጥቷል። ልጁ ስለ ጉዳዩ ዘግይቶ ያነባል፤ «እስቲ የእኛን ልይ» ብሎ በትምህርት ክፍሉ ሰርቨር ላይ የማደሻ ትእዛዝ ይሰጣል። ሰርቨሩ «የሚታደስ ነገር የለም» ብሎ ይመልስለታል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተመስገን ብሎ ይሄዳል። እሱ ግን ሶፍትዌሩ የተሠራበትን ቀን ጠየቀ። የወጣው ቀን እ.ኤ.አ. የ2013 ነበር። ጉድለቱ የታወቀው በ2014 ነው።

የሆነው ይህ ነው። ስመረቅ የተማሪ መለያዬ ተዘጋ። መለያው ሲዘጋ ፕሮክሲው ሚረሩን አላሳልፍም አለ። ሚረሩ በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይነሣል፣ ይሞክራል፣ ይከለከላል፣ ይተኛል። በየሌሊቱም አቤቱታውን በኢሜይል ይጽፍልኛል፤ በተዘጋው ኢሜይሌ። አንድ ዓመት ሙሉ! በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ለጠየቀው ሁሉ ያለውን መስጠቱን አላቋረጠም። ፈጣን ነበር፣ አይቆራረጥም፣ ማንም አላማረረበትም። ቢሰበር ኖሮ በማግሥቱ ይታወቅ ነበር። የደኅንነቱን መስመር ወደ እኛ ባላዞረው ኖሮ ደግሞ ማሻሻያው በቀጥታ ከባለቤቱ ይደርስ ነበር። እኔ ግን ያንን በር በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁ።

ኸርትብሊድ በተለመደው የሰርቨር መዝገብ ላይ ዱካ አይተውም። ከአራት ወር በላይ ክፍት ሆኖ ከቆየው ሰርቨር የወጣ ነገር ይኑር አይኑር ለማወቅ መንገድ አልነበረም። ልጁና ጋሼ የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል አስቀየሩ፣ ቁልፎቹን በአዲስ ተኩ። እኔ የረዳኋቸው በስልክ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ እናቴ ቤት በሄድኩ ቁጥር ያንን የምስክር ወረቀት ቀና ብዬ ማየት ይከብደኛል።

«ፋይሎቹ ፊርማ የላቸውም ወይ?» የሚል ይኖራል። አላቸው። ፊርማ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው የማውረጃ አድራሻውን የኋላ በር ወደተቀመጠበት ሐሰተኛ ፋይል አዙረውት ነበር። ገጹን የያዘ ሰው አጠገቡ የተጻፈውን ቼክሰም መለወጥ አያቅተውም፤ የአዘጋጁን ፊርማ አስመስሎ መፈረም ግን አይችልም። የእኛ ሚረር ላይ የነበሩት ፋይሎች ግን ሁሉም በትክክለኛው ባለቤት የተፈረሙ ናቸው። የአምናው አዲስ ዘመን ሐሰተኛ ጋዜጣ አይደለም፤ ማኅተሙም እውነተኛ ነው። የዛሬን ወሬ ግን አይነግራችሁም። ፊርማ ማን እንደጻፈው ይመሰክራል፤ አዲስ መሆኑን በራሱ አይመሰክርም።

ይህን ክፍተት ተመራማሪዎች ከእኛ ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ጀስቲን ካፖስና ባልደረቦቹ አንድ ሰርቨር ተከራይተው፣ በሌለ ኩባንያ ስም «ሚረር መሆን እንፈልጋለን» ብለው ለታወቁ የሊኑክስ ስርጭቶች አመለከቱ። ተቀበሏቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችም ሊያወርዱ ወደ እነሱ መጡ። ክፉ ሰው ፊርማ መስበር ሳያስፈልገው፣ ያረጀውን እውነተኛ ፋይል እየሰጠ ብቻ ሰውን ሊያዘናጋ እንደሚችል አሳዩ። እነሱ ክፉ ሰው የሚያደርገውን አሰቡ። እኔ በቅንነት አደረግሁት።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ሚረር ይቅር ነው? አይደለም። ሸክሙና ምስክርነቱ ከሁለት ቦታ ይምጡ ነው። ቃሉን ከባለቤቱ፣ ዕቃውን ከጎረቤት።

ፌዶራ ይህን የሚያደርገው ሜታሊንክ በሚባል አሠራር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢንተርኔት ደረጃ ሆኖ የወጣ ነው። ኮምፒውተራችሁ መጀመሪያ ማዕከሉን ይጠይቃል። ማዕከሉ ትንሽ ፋይል ይመልሳል፦ የዛሬው ማውጫ ቼክሰም ይህ ነው፣ ዕቃውን ከእነዚህ ሚረሮች ውሰድ ይላል። የሚረሩ ማውጫ ከዚያ ጋር ካልገጠመ ኮምፒውተሩ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ባሕር የሚሻገረው ትንሿ ወረቀት ናት፤ ጊጋባይቱ ከቅርብ ይመጣል። የዴቢያን የደኅንነት ማከማቻ ደግሞ ማውጫው ላይ እንደ መድኃኒት ማብቂያ ቀን ይጽፋል። ቀኑ ካለፈ አፕት አልቀበልም ይላል። የእኔ ሚረር እንዲህ ያለ ቀን ቢኖረው ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ግቢው ሁሉ ይጮህ ነበር።

ለትልልቅ ፋይሎችም ነገሩ ተሻሽሏል። ዛሬ የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በሲዲ ዘመን እንኳ ያቃተንን በዚህ መጠን ከዜሮ መጀመር አይታሰብም። ሜታሊንክ ለፋይሉ ቁራጮች የየራሳቸውን ቼክሰም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ እንደ አሪያ2 ያለ ማውረጃ ቁራጮቹን ከተለያዩ ሚረሮች በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ የተበላሸች ቁራጭ ካለች እሷን ብቻ ደግሞ ያመጣል። መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። ሚረሮቹ እርስ በርሳቸው የሚቀዱበት አርሲንክ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ በአውስትራሊያ የሠሩት፣ ፋይሉን ሙሉ ሳይሆን የተለወጠውን ክፍል ብቻ ያስተላልፋል። እነዚህ ሁሉ በነጻ የሚገኙ ናቸው። ተማሪዎቻችን የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ቢማሯቸው የስንቱን ሌሊት እናተርፋለን!

እንደኛ ላለ ግቢ ደግሞ ሙሉ ሚረር ላያስፈልግ ይችላል። አፕት-ካሸር-ኤንጂን የመሰለ መሐል ላይ የሚቀመጥ አገልጋይ ሁሉን ነገር ቀድሞ አያከማችም። የመጀመሪያው ተማሪ የጠየቀውን ፋይል ከውጭ አምጥቶ ያስቀምጣል፤ ሠላሳ ዘጠኙ ከእሱ ይወስዳሉ። ማውጫው አዲስ መሆኑን ግን ከምንጩ እየጠየቀ ያረጋግጣል። በተለመደው አሠራሩ ምንጩን ካላገኘ ስህተት ያሳያል፤ እንደ እኔ ሚረር ሁሉ ደህና ነው ብሎ አያሳልፍም።

አሁን ልመናዬ። በየዓመቱ በዚህ በዓል ላይ ኮምፒውተር የሚለግሱ፣ ሰርቨር የሚገዙ አባላት አሉን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ዛሬ ዕቃ አልለምንም። የምለምነው ጠባቂ ነው።

መምህሮቻችንን የምለምነው፣ ተማሪ የሠራው ማንኛውም አገልግሎት በተማሪው የግል መለያ እንዳይቆም ነው። መለያው የሥራው ይሁን፤ ሰው ሲሄድ ሥራው አብሮ አይሂድ። የአገልግሎቱ ገጽ አናት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበት ቀን በትልቁ ይጻፍ፤ ፍሬሽ ተማሪ እንኳ አይቶ ይህ ነገር አርጅቷል እንዲል። ከ48 ሰዓት በላይ ካልታደሰም ደወሉ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአምስት ሰው ይድረስ፦ ለሁለት መምህራን፣ ለአንድ ተማሪ፣ ለሁለት የማኅበራችን አባላት።

ለዚያ ነው ውጭ አገር ያላችሁትንም የምለምናችሁ። ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ ገንዘብ ሳትልኩ የምትሠሩት ሥራ ይህ ነው። በሳምንት አንዲት ኢሜይል ትመጣላችኋለች። ከመጣች አንብቧት፤ ካልመጣች ደውሉ። ያልመጣችው ኢሜይል ነች ዋናዋ። ከምረቃ በፊት ደግሞ ተመራቂው ለታች ክፍል ተማሪ ቁልፉን የሚያስረክብበት፣ ተረካቢውም ብቻውን አንድ ጊዜ አስነሥቶ የሚያሳይበት ቀን ይኑረን። ለጋዋን ልኬት ቀን አለን፤ ለዚህም አንድ ከሰዓት አይጠፋም።

በመጨረሻ ስለ ደወለልኝ ልጅ ላንሳ። ስሙን እንዳልጠራ ስለለመነኝ አልጠራም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ተቀምጧል። ያኔ ሊከሰኝ፣ ሊያሳጣኝ ይችል ነበር። እሱ ግን ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «ወንድሜ፣ ሚረሩን አላጠፋውም፣ በየሳምንቱ እያየሁት ይቀጥላል» አለኝ። እንዳለውም እስኪመረቅ ድረስ በየሳምንቱ አይቶታል፤ ሲመረቅም ለሌላ አስረክቦ ሄዷል። የደኅንነቱን መስመር ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ባለቤቱ መልሶታል።

ኮሚቴው አርአያ ከፈለገ፣ እኔ ስቀመጥ እሱን ያስነሣው። የምስክር ወረቀት የሚገባው ለእሱ ነው።